ብልሽቱ ከፊት ነው ወይስ ከኋላ?

ኢሉባቦር የደንና የዝናብ አገር ነው። ጎሬ በኢትዮጵያ ብዙ ዝናብ ከሚመዘገብባቸው ከተሞች አንዷ ናት፤ የያዩ የቡና ደን ደግሞ በ2002 ዓ.ም በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። ለቡናውና ለማሩ በረከት የሆነው ይኸው ዝናብና ዛፍ ለኤሌክትሪክ መስመር ትልቅ ፈተና ነው። በክረምት መሬቱ ሲርስ ዛፍ ከነሥሩ ይገነደሳል፤ የራሰ ቅርንጫፍ ሽቦ ላይ ይደገፋል፤ መብረቅ ሲወርድ የምሰሶው ሲኒ ይሰነጠቃል። ከበደሌ ተነስቶ በያዩና በሁሩሙ አድርጎ መቱ የሚገባ መንገደኛ በመስኮቱ የሚያየው ልምላሜ ሁሉ ለመስመር ጠባቂው ሥጋት ነው።

ከዚያ በኋላ የሚሆነውን ሁሉም ያውቀዋል። መብራት ይሄዳል፤ ወፍጮ ቤቱ ዝም ይላል፤ በመቱ ካርል ሆስፒታል ጀነሬተር ይነሳል። ይህ ምዕራፍ የሚመለከተው መብራቱ ከመሄዱ በፊት ያለችውን የሰከንድ ክፍልፋይ ነው። ዛፉ የወደቀው አንድ ቦታ ላይ ነው፤ በመስመሩ ላይ ያሉት ብሬከሮች፣ ማለትም ሲከፈቱ ኃይሉን የሚቆርጡት መሣሪያዎች፣ ግን ብዙ ናቸው። የትኛው ይከፈት? የማን ከተማ ይጨልም፣ የማንስ ይትረፍ? ይህን የሚወስነው በማከፋፈያ ጣቢያው ክፍል ውስጥ በቁም ሣጥን ላይ የተገጠመ ሪሌይ ነው። ሪሌዩ የሚወስነው ደግሞ አንድ መሐንዲስ አስቀድሞ በሞላለት ቁጥር ነው። ይህን ቁጥር የሙያው ሰዎች ሴቲንግ ይሉታል።

ጉዳዩ ለምን እንደተወሳሰበ ለመረዳት ወደ ሶር ወንዝ እንሂድ። በ1980ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት በሶር ላይ 5 ሜጋ ዋት የሚያመነጭ ጣቢያ ሥራ ጀመረ። ያን ጊዜ የአገሪቱ ኤሌክትሪክ በሁለት የተከፈለ ነበር። አንደኛው አዲስ አበባንና ትልልቆቹን ግድቦች ያስተሳሰረው ዋና መረብ ነው፤ ሁለተኛው ከዋናው መረብ ርቀው በራሳቸው ጀነሬተር ወይም በአነስተኛ የውኃ ጣቢያ የሚተዳደሩ ከተሞች ስብስብ ነው። ሶር የሁለተኛው ወገን ነበር፤ ከእነዚያ አነስተኛ የውኃ ጣቢያዎች መካከልም ትልቁ እሱ ነበር። በ1948 ዓ.ም የተቋቋመው፣ ሕዝቡ እስከ ዛሬ መብራት ኃይል እያለ የሚጠራው መሥሪያ ቤት እንዲህ ያሉትን ጣቢያዎች ለየብቻቸው ያስተዳድር ነበር።

እንዲህ ባለ ብቸኛ ጣቢያ ኃይሉ መንገዱን አይስትም። ከተርባይኑ ይነሳል፣ በመስመሩ ይሄዳል፣ ከተማ ገብቶ ያልቃል። ወደ ኋላ የሚመለስበት ምክንያት የለም፤ ከወዲያኛው ጫፍ የሚገፋው ሌላ ምንጭ የለምና። እንዲህ ላለ መስመር የሚበቃው ጥበቃ ኮረንት ሲበዛ የሚያይና ጊዜ የሚቆጥር ሪሌይ ነው። ዓለም በብዛት የሚጠቀምበት የጊዜ ቀመር ይህን ይመስላል፦ የጊዜ ማባዣው 1 ሆኖ ኮረንቱ ከተሞላው መጠን 2 እጥፍ ሲሆን ሪሌዩ 10 ሰከንድ ያህል ይጠብቃል፤ 5 እጥፍ ሲሆን 4.3 ሰከንድ፣ 10 እጥፍ ሲሆን 3 ሰከንድ ገደማ። ማባዣው ወደ 0.1 ሲወርድ ሁሉም ለ10 ይካፈላል። ስለዚህ መሐንዲሱ ከመስመሩ ጫፍ ይጀምራል። የመጨረሻውን ሪሌይ ፈጣን ያደርገዋል፤ ወደ ምንጩ በተጠጋ ቁጥር በየደረጃው ከ0.3 እስከ 0.4 ሰከንድ ይጨምራል። ጫፍ ላይ ብልሽት ሲፈጠር የጫፉ ብሬከር ቀድሞ ይከፍታል፤ ወደ ምንጩ ያለው ሪሌይ ብልሽቱ መወገዱን አይቶ ቆጠራውን ይተዋል። ከጫፉ በፊት ያሉት ከተሞች መብራታቸው አይነካም።

ከዚያ ዋናው መረብ መጣ። የከፍተኛ ቮልቴጅ መስመሩ በበደሌ በኩል መቱ ደረሰ፤ ከመቱም ወደ ጋምቤላ አለፈ። ለኢሉባቦር ይህ ትልቅ ለውጥ ነው። በ5 ሜጋ ዋት ሲቃመስ የነበረ አካባቢ፣ በመጀመሪያው ጊቤ ብቻ 184 ሜጋ ዋት ካለው መረብ ጋር ተዘመደ። ለጥበቃ መሐንዲሱ ግን ያ ቀላል የጊዜ መሰላል በአንድ ጊዜ ሊፈርስበት ይችላል። አንድ መስመር በሁለት ጫፉ ምንጭ ካለው ኃይል ከሁለቱም ወገን ይመጣል።

እስቲ አንድ ሥዕል በአእምሯችን እንሣል። ሥዕሉ ለማስረዳት የቀለለ ነው፤ የጣቢያዎቹን እውነተኛ የሽቦ ንድፍ አይወክልም። በምሥራቅ በኩል ትልቁ መረብ አለ፤ በደሌ እንበለው። በመካከል የመቱ ባስባር፣ ማለትም መስመሮቹ ሁሉ የሚገናኙበት የጣቢያው የጋራ አስተላላፊ፣ አለ። በሌላው ጫፍ ሶርን የመሰለ አነስተኛ የውኃ ጣቢያ አለ። በመቱ ሁለት ብሬከሮች ቆመዋል፤ አንዱ ወደ በደሌ በሚሄደው መስመር ላይ፣ ሌላው ወደ ወንዙ በሚሄደው ላይ። አሁን ዛፍ በበደሌና በመቱ መካከል ወደቀ። ከወንዙ ጣቢያ የሚመጣው የብልሽት ኮረንት በመቱ ሁለቱም ብሬከሮች ውስጥ ያልፋል። መከፈት ያለበት ግን የበደሌው ነው፤ እሱ ከተከፈተ መቱ ከወንዙ ጋር ተያይዛ ልትቀጥል ትችላለች። ስለዚህ የበደሌው ሪሌይ ከወንዙ ሪሌይ መፍጠን አለበት። በማግሥቱ ደግሞ ዛፍ በመቱና በወንዙ መካከል ወደቀ። አሁንም ከትልቁ መረብ የሚመጣው ኮረንት በሁለቱ ውስጥ ያልፋል፤ ዛሬ ግን መከፈት ያለበት የወንዙ ብሬከር ነው። ስለዚህ የወንዙ ሪሌይ ከበደሌው መፍጠን አለበት።

ሁለቱ ጥያቄዎች እርስ በርስ ይጣላሉ። አንዱ ከሌላው፣ ሌላውም ከአንዱ ሊፈጥን አይችልም። የኮረንት መጠንና ጊዜ ብቻ የሚያይ ሪሌይ ምንም ያህል ተጠንቅቀው ቢሞሉት ከሁለቱ ቀኖች በአንዱ መቱን ያለ ጥፋቷ ያጨልማታል። ይህን እውነት ያልተረዳ ሰው ለዓመታት ቁጥር እየቀያየረ ሊደክም ይችላል፤ የጎደለው ቁጥር ሳይሆን ጥያቄ ነውና። ሪሌዩ “ኮረንቱ ስንት ነው?” ብሎ ከመጠየቁ በፊት “ብልሽቱ ከፊቴ ነው ወይስ ከኋላዬ?” ብሎ መጠየቅ አለበት። ሁለቱም የመቱ ሪሌዮች ጀርባቸውን ለባስባሩ ሰጥተው ወደየመስመራቸው ብቻ እንዲያዩ ሲደረግ ጠቡ ይፈታል። በደሌን የሚያየው ከኋላው ላለ ብልሽት አይነቃነቅም፤ ወንዙን የሚያየውም እንዲሁ። ከዚያ በኋላ ሁለት የጊዜ መሰላሎች ለየብቻ ይሠራሉ፤ አንዱ ወደ ምሥራቅ የሚያዩ ሪሌዮች፣ ሌላው ወደ ምዕራብ የሚያዩ። አንዱ መሰላል የሌላውን ደረጃ አይነካም።

እዚህ ላይ አስተዋይ አንባቢ ይጠይቃል፦ ኮረንቱ ተለዋዋጭ አይደለም? በሰከንድ 50 ጊዜ ሄዶ የሚመለስ ነገር ምን አቅጣጫ አለው? ጥያቄው ትክክል ነው፤ ኮረንቱን ብቻውን ብናይ አቅጣጫ የለውም። አቅጣጫ የሚገኘው ከቮልቴጁ ጋር ሲተያይ ነው። ሁለት ሴቶች በአንድ ሙቀጫ ሲወቅጡ የአንዷ ዘነዘና ሲነሳ የሌላዋ ይወርዳል። ዓይኑን የጨፈነ ሰው እንኳ የመጀመሪያዋን ምት በጆሮው ከያዘ፣ ሁለተኛዋ ከተራዋ ስትወጣ ወዲያው ያውቃል። ቮልቴጁ የመጀመሪያዋ ምት ነው፤ ኮረንቱ ሁለተኛዋ። ብልሽቱ ከፊት ሲሆን ኮረንቱ ከቮልቴጁ በታወቀ ልክ ዘግይቶ ይመታል። ብልሽቱ ከኋላ ሲሆን ምቱ በግማሽ ዙር ይገለበጣል። በኛ መረብ አንድ ዙር 20 ሚሊ ሰከንድ ነውና ልዩነቱ 10 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል። ሪሌዩ አቅጣጫ የሚለየው በዚህች ቅጽበት ነው።

የትኛውን ቮልቴጅ እንደ ዋቢ እንያዝ የሚለው የመጀመሪያው የሴቲንግ ውሳኔ ነው። የተበላሸው ፌዝ ቮልቴጅ አይታመንም፤ መሬት የነካ ወይም ከጎረቤቱ የተጣበቀ ሽቦ ቮልቴጁ ይወድቃል። ስለዚህ የቆየውና የተፈተነው ብልሃት የመጀመሪያውን ፌዝ ኮረንት ከሌሎቹ ሁለት ፌዞች መካከል ካለው ቮልቴጅ ጋር ማመዛዘን ነው። ያ ቮልቴጅ በጤናው ጊዜ ከመጀመሪያው ፌዝ ቮልቴጅ በ90 ዲግሪ፣ ማለትም በ5 ሚሊ ሰከንድ፣ ይዘገያል። የብልሽቱ ኮረንት ደግሞ እንደ መስመሩ ጠባይ ከራሱ ቮልቴጅ ይዘገያል። መዘግየቱ 60 ዲግሪ ወይም 3.3 ሚሊ ሰከንድ ነው ብንል ኮረንቱ ከዋቢው ቮልቴጅ በ30 ዲግሪ ቀድሞ ይደርሳል ማለት ነው። መሐንዲሱ በሪሌዩ ላይ 30 ዲግሪ የሚሞላው ለዚህ ነው። ወፍራም ሽቦ ባለው ከፍተኛ ማስተላለፊያ መዘግየቱ ከ75 ዲግሪ በላይ ይሆናል፤ በቀጭን የማከፋፈያ ሽቦ ደግሞ ወደ 45 ሊወርድ ይችላል። ለዚህኛው 45 ዲግሪ መሙላት ይሻላል። ከዚህ ማዕዘን ግራና ቀኝ 90 ዲግሪ ድረስ ያለው ሁሉ ከፊት፣ ቀሪው ከኋላ ተብሎ ይቆጠራል። ሰፊ ስለሆነ በጥቂት ዲግሪ መሳሳት ወዲያው ጉዳት አያመጣም፤ ወሰኑ አካባቢ የሚወድቅ ብልሽት ሲመጣ ግን ይታያል።

ለኢሉባቦር ከሁሉ የሚበልጠው ሴቲንግ በእኔ ግምት የመሬት ብልሽት ሴቲንግ ነው። ሦስቱ ፌዞች ተጣብቀው የሚፈጠር ሾርት ኃይለኛ ነው፤ ማንኛውም ሪሌይ ያየዋል። አስቸጋሪው በአንድ ሽቦ ላይ ተደግፎ የቆመ የዋንዛ ወይም የባሕር ዛፍ ግንድ ነው። ዛፍ ጥሩ አስተላላፊ አይደለም፤ በእሱ በኩል መሬት የሚገባው ኮረንት ከተማዋ በምሽት ከምትጠቀመው ጭነት ሊያንስ ይችላል። ተራው የፌዝ ሪሌይ ይህን ከጭነት ለይቶ አያየውም። የሚያየው የሦስቱን ፌዞች ድምር የሚለካው የመሬት ሪሌይ ነው። ጭነቱ በሦስቱ ላይ ከተስተካከለ ድምሩ ዜሮ ነው፤ አንዱ ወደ መሬት ሲያፈስ ድምሩ ብቅ ይላል። ስለዚህ ይህ ሪሌይ ኮረንቱን ከሚለካለት መሣሪያ፣ ከሲቲው፣ ስመ አቅም ከ10 እስከ 20 በመቶ ባለ ዝቅተኛ መጠን ሊሞላ ይችላል። አቅጣጫውን ደግሞ ከሦስቱ ቮልቴጆች ድምር ያገኛል። ይህ ድምር ብልሽቱ ባለበት ቦታ ላይ ከሁሉ ይበልጣል፣ ወደ ምንጩ በተጠጋ ቁጥር ይቀንሳል። ኒውትራሉ በቀጥታ ከመሬት በተያያዘ መረብ ማዕዘኑ ለማከፋፈያ መስመር 45፣ ለማስተላለፊያ 60 ዲግሪ ወደ ኋላ ተደርጎ መሞላቱ የተለመደ ነው። ዝቅ አድርጎ ለመሙላት የሚፈራ ሰው ምክንያት አለው፤ ከተማዋ ጭነቷን በሦስቱ ፌዝ እኩል ካላከፋፈለች ሪሌዩ በከንቱ ይከፍታል። መፍትሔው ጭነቱን ማስተካከል ነው እንጂ ሪሌዩን ማደንዘዝ አይደለም። ያልታየ የመሬት ብልሽት ማለት በቡና ማሳ ውስጥ ኃይል እንዳለበት የተኛ ሽቦ ነው፤ ለለቀማ የወጣ ልጅም ከብትም ሊረግጠው ይችላል።

ዋቢው ቮልቴጅ ጨርሶ ሲጠፋስ? ብልሽቱ ጣቢያው ደጃፍ ላይ ሆኖ ሦስቱም ፌዞች ሲጣበቁ ቮልቴጁ ወደ ዜሮ ይወርዳል። አሮጌው ሪሌይ እዚህ ላይ ግራ ይጋባል። ዲጂታሉ ከብልሽቱ በፊት የነበሩትን ጥቂት ዙሮች በማስታወሻው ይዞ በእነሱ ያመዛዝናል፤ ማስታወሻው ሳያልቅ መወሰን ግን አለበት። ከዚህ የሚለየውና በብዛት የሚያጋጥመው የቮልቴጅ መለኪያው ፊውዝ መቃጠል ነው። መስመሩ ደህና ሆኖ ሪሌዩ ዋቢውን ያጣል። አምራቾቹ ምርጫውን ለመሐንዲሱ ይተዋሉ፦ ሪሌዩ ሥራውን ያቁም ወይስ አቅጣጫ ሳይለይ በኮረንት ብቻ ይቀጥል? ደን ውስጥ ለሚያልፍ መስመር እኔ ሁለተኛውን እመርጣለሁ። አቅጣጫ ሳይለይ የሚከፍት ሪሌይ አንዲት ከተማን በከንቱ ሊያጨልም ይችላል፤ ጨርሶ የማይከፍት ግን ሰው ይገድላል።

ይህ ሁሉ ስሌት ትክክል ሆኖ ሳለ ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ቢቀያየሩ ከንቱ ይሆናል። ሲቲው ኮረንቱን የሚያሳየው በአንድ ወገን ነው። መነሻውና መድረሻው ተገልብጦ ከታሰረ ሪሌዩ ፊቱን ኋላ፣ ኋላውን ፊት ያያል። በሥራ ቦታ ከሚያጋጥሙ ስህተቶች የተለመደው ይኸው ነው፤ ክፋቱ ደግሞ ብልሽት እስኪመጣ ድረስ ተደብቆ መቆየቱ ነው። የሚያጋልጠው ፈተና ቀላል ነው። መስመሩ ጭነት ይዞ ሳለ ኃይሉ ወዴት እንደሚሄድ በእርግጥ ይታወቃል፤ ሪሌዩ የሚያሳየው ምልክት ከዚያ ጋር ይስማማል ወይስ አይስማማም? ነገር ግን ጭነቱ ሲያንስ መጠንቀቅ ያስፈልጋል። ረጅም መስመር በራሱ ጠባይ ጥቂት ኮረንት ይስባል፤ ከሌሊቱ 9 ሰዓት ገደማ ከተማው ተኝቶ ሳለ የሚነበበው ማዕዘን ፈታኙን ሊያሳስት ይችላል። ምሽት 1 ሰዓት ላይ፣ ምጣድ ሁሉ ሲጣድ፣ ንባቡ ግልጽ ነው።

የትንሹ ምንጭ ነገር ሌላ ራስ ምታት ነው። 5 ሜጋ ዋት በ33 ኪሎ ቮልትና በ0.8 ፓወር ፋክተር ቢላክ ሙሉ ጭነቱ 109 አምፒር ያህል ነው። ብልሽት ሲመጣ ጀነሬተሩ በመጀመሪያዎቹ ዙሮች ከዚህ ብዙ እጥፍ ይሰጣል፤ ከዚያ ግን ይደክማል፤ ማግኔቱን የሚያበረታ መሣሪያ ካላገዘው ከሙሉ ጭነቱም በታች ሊወርድ ይችላል። እንግዲህ ሪሌዩ ለጭነቱ ቦታ ይስጥ ተብሎ 130 አምፒር ቢሞላለት፣ በትልቁ መረብ በኩል ያለው ብሬከር ከተከፈተ በኋላም የወንዙ ጣቢያ ብልሽቱን መመገብ ይቀጥላል፤ ሪሌዩም ምንም አላየ። ስለዚህ እንዲህ ባለ ጫፍ የቮልቴጅ መውደቅን ከኮረንቱ ጋር አብሮ የሚያይ ሪሌይ ይመረጣል፤ ወይም ከወዲያኛው ጫፍ “እኔ ከፍቻለሁ፣ አንተም ክፈት” የሚል ምልክት በመገናኛ መስመር ይላክለታል።

በዓለም ላይ ሴቲንግ ያመጣውን ጉዳት የሚያስተምር ታሪክ ጥቅምት 30 ቀን 1958 ዓ.ም በካናዳና በአሜሪካ ድንበር ላይ ተፈጸመ። በኒያጋራ ከሚገኘው የሰር አዳም ቤክ ጣቢያ ወደ ሰሜን የሚሄዱ 5 ባለ 230 ኪሎ ቮልት መስመሮች ነበሩ። በአንዱ ላይ ያለው የመጠባበቂያ ሪሌይ 375 ሜጋ ዋት ሲያልፍ እንዲከፍት ከሁለት ዓመት በፊት ተሞልቶ ነበር። በሁለቱ ዓመታት ውስጥ ጭነቱ አደገ፤ ሴቲንጉን ግን ማንም አልከለሰውም። በዚያ ምሽት ጭነቱ ወሰኑን ነካ፣ ሪሌዩም የታዘዘውን ፈጸመ። የአንዱ ሸክም በአራቱ ላይ ወደቀ፤ እነሱም በሰከንዶች ውስጥ ተከታትለው ተከፈቱ። ወደ ሰሜን ይሄድ የነበረው ኃይል ዞሮ ወደ ኒውዮርክ ጎረፈ፤ ያኛውም መረብ ተበታተነ። 30 ሚሊዮን ያህል ሰው፣ አንዳንዱ እስከ 13 ሰዓት፣ በጨለማ ቆየ። ሪሌዩ አልተበላሸም ነበር። ያረጀው ቁጥሩ ነው።

በመቱና በአካባቢዋ ጭነት እየተለወጠ ነው። ዩኒቨርሲቲ ተከፍቷል፤ የቡና ማጠቢያና መፈልፈያ ጣቢያዎች በለቀማው ወራት፣ ከጥቅምት እስከ ታኅሣሥ፣ በአንድነት ሞተር ያስነሳሉ። ከ2006 ዓ.ም ወዲህ ደግሞ ማመንጨቱና ማስተላለፉ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል፣ ማከፋፈሉ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት ድርሻ ሆኗል። የጊዜ መሰላሉ ግን የድርጅት ወሰን አያውቅም፤ የታችኛው ደረጃ በአንዱ መዝገብ፣ የላይኛው በሌላው መዝገብ ላይ ነው። አንዱ በከተማዋ ፊደር፣ ማለትም ኃይሉን ወደ ሰፈሮቹ በሚያደርሰው መስመር፣ ላይ 0.3 ሰከንድ ጨምሮ ለሌላው ካልነገረ፣ በመካከላቸው የነበረው ልዩነት ተበላ ማለት ነው። ከዚያ በኋላ ሰፈር ውስጥ በተፈጠረ ሾርት ዋናው መስመር ይከፈታል፤ መቱ በሠራችው ጋምቤላ ይጨልማል። ስለዚህ አዲስ ትራንስፎርመር ሲተከል፣ መስመር ሲረዝም፣ ጣቢያ ሲገናኝ ወይም ሲለያይ፣ ሁለቱ ወገኖች አንድ የሴቲንግ ወረቀት ፊት ለፊት ዘርግተው ከጫፍ እስከ ጫፍ ማንበብ አለባቸው። ይህ ሥራ ከአዲስ ምሰሶ ተከላ ጋር ሲነጻጸር ገንዘቡ ኢምንት ነው፤ ስለማይታይ ብቻ ወደ ኋላ ይቀራል።

በትክክል የተሞላ ሪሌይ ከፍቶ ብቻ አይቆምም። በ1984 እ.ኤ.አ ኤድመንድ ሽዋይትዘር የመጀመሪያውን ዲጂታል ሪሌይ ለገበያ ካቀረበ ወዲህ እነዚህ መሣሪያዎች ያዩትን ሁሉ ይመዘግባሉ፦ በስንት ሰዓት፣ በየትኛው ፌዝ፣ ከፊት ወይስ ከኋላ፣ በስንት ኪሎ ሜትር ግምት። በክረምት ጭቃ ውስጥ መስመር ሊፈትሽ የሚወጣ የጥገና ቡድን ወደ ሁሩሙ ይሂድ ወይስ ወደ ጎሬ የሚለውን ከመዝገቡ ያነባል። አቅጣጫው ተገልብጦ ከታሰረ ቡድኑ ከመቱ ጎሬ 25 ኪሎ ሜትር ያህሉን ደን ምሰሶ በምሰሶ እያየ ሲፈትሽ ይውላል፤ የወደቀው ዛፍ ግን በያዩ በኩል ነው። በኢሉባቦር መስመር ላይ ያለ ማንኛውም ጣቢያ ከክረምቱ በፊት፣ በግንቦት፣ የሪሌዩን አቅጣጫ በምሽት ጭነት ቢፈትሽ ለዚህ የሚያስፈልገው አንድ ባለሙያ፣ አንድ መለኪያና የአንድ ምሽት ሥራ ነው።